ቶነር ለፊት የሚሰጠውና ከፊት የሚወስደው

ቶነር የሚባለው፣ ፊት በሳሙና ወይም በሌላ ማጠቢያ ከታጠበ በኋላ፣ ክሬም ከመቀባቱ በፊት፣ በጥጥ ተነክሮ ወይም በመዳፍ ተይዞ ቆዳ ላይ የሚደረግ፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ነው። ስሙ ከግሪክኛው «ቶኖስ» የመጣ ሲሆን ቃሉ መወጠርን ያመለክታል፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ፈሳሹ የላላ ቆዳን ይወጥራል፣ የተከፈተ ቀዳዳን ይዘጋል ብለው ያምኑ ነበርና። እምነቱ በምርመራ ባይጸናም ስሙ ጸንቶ ቀርቷል፤ ዛሬ በአንድ የመዋቢያ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቶነር ተብለው ጎን ለጎን ከተደረደሩት ጠርሙሶች አንዱ ቆዳን የሚያደርቅ፣ ሌላው የሚያረጥብ፣ ሦስተኛው የሞተ ቆዳን የሚልጥ፣ አራተኛው ደግሞ የቆዳን ቀለም የሚያነጣ ሊሆን ይችላል። ሥራቸው እስከ መቃረን የሚለያይ ፈሳሾች በአንድ ስም መጠራታቸው ለገዢው የመጀመሪያው ችግር ነው፤ ስለ ቶነር የሚነገረው አብዛኛው ስሕተትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ነገሩን በአማርኛ ለመመርመር አንድ ቃል አስቀድሞ ሊነሣ ይገባል፤ ወዝ። ወዝ ከቆዳ የሚመነጨው ስስ ቅባት ነው፤ የሠራተኛ ላብም ወዝ ይባላል፣ ወዛደር የሚለው ስያሜም ከዚያው ወጥቷል፤ የጤናና የደስታ ምልክት የሆነው የፊት ልስላሴም ወዝ ወይም ወዘና ይባላል። ፊቷ ወዝ አለው ማለት ሙገሳ ነው፤ ወዙ ተመጠጠ የተባለ ሰው ደግሞ የታመመ፣ የተጎሳቆለ ወይም ጭንቀት የበላው ሰው ነው። ሕዝቡ ቤተ ሙከራ ሳይገባ፣ በዓይኑ አይቶ ብቻ፣ የቆዳ ቅባትና የቆዳ ጤና አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን በቃሉ ውስጥ አስቀምጦታል። የሃያኛው መቶ ዓመት የመዋቢያ ንግድ ግን ይህንኑ ወዝ ከእድፍ ቆጥሮ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ተጠርጎ መውጣት ያለበት ነገር አድርጎ አስተማረ፤ ቶነርም ለረጅም ጊዜ የዚህ ትምህርት ዋና መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ወዝ ሲጠረግ አብሮ የሚጎዳው ምን እንደሆነ ለመረዳት የቆዳን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ የሚገናኘው የቆዳ የላይኛው ንብርብር ውፍረቱ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በመሆኑ፣ ይህ ንብርብር ከተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት አንድ አምስተኛውን ቢያክል ነው። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ጠፍጣፋ ሆነው፣ እርስ በርስ የተነባበሩ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ የተባሉ ቅባቶች ይሞሉታል። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ፒተር ኢላያስ ይህንን አሠራር በግንብ መስለው ያስረዱ ሲሆን፣ በምሳሌያቸው ሕዋሳቱ ጡብ፣ ቅባቶቹም ጡቡን የሚያያይዘው ጭቃ ናቸው። ጭቃው ሲታጠብ ግንቡ ወዲያው አይፈርስም፤ ነገር ግን ከውስጥ ያለው ውሃ እየተነነ መውጣት፣ ከውጭም የሚቆጠቁጥ ነገር ሁሉ እየዘለቀ መግባት ይጀምራል። የዚህ ንብርብር የውሃ መጠን በጤናማ ሁኔታ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ሲሆን፣ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይላላጣል፤ በጥቁርና በጠይም ፊት ላይ ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይነጣል።

ቆዳ ከቅባቱ ሌላ የአሲድ ሽፋን አለው። የአሲድነት መጠን የሚለካው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን በ1909 (በዚህ ዲስኩር ውስጥ የሚጠቀሱት የታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባቀረቡት ፒኤች በተባለው መለኪያ ነው፤ በዚህ መለኪያ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካላይን ነው፣ የአንድ ቁጥር ልዩነትም የ10 እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። በ1928 ሃይንሪሽ ሻዴና አልፍሬድ ማርኪዮኒኒ የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች የቆዳ ገጽ አሲድነት ያለው መሆኑን አጥንተው «የአሲድ መጎናጸፊያ» የሚል ስም ሰጡት። የጤናማ ፊት ፒኤች 5 አካባቢ ሲሆን፣ የተራ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ እጥፍ ይደርሳል። ፊት በሳሙና በታጠበ ቁጥር የቆዳው ፒኤች ከፍ ይልና ወደ ቦታው ለመመለስ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ያንን የቅባት ጭቃ የሚያመርቱት ኢንዛይሞች ደግሞ በደንብ የሚሠሩት አሲድ ባለበት ስለሆነ፣ በቀን አራትና አምስት ጊዜ በሳሙና የሚፈተግ ፊት ጭቃውን መልሶ የሚለስንበት ጊዜ አያገኝም። ከታጠቡ በኋላ ፊትን ጭምድድ አድርጎ የሚይዘው፣ ብዙ ሰው የንጽሕና ምልክት አድርጎ የሚወስደው ስሜት የዚሁ ጉዳት ምልክት ነው።

ቶነር በዘመናዊ መልኩ የተወለደው ማጠቢያ ፊት ላይ ጥሎት የሚሄደውን ቅሪት ለማንሣት ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት በኖረው በሐኪሙ በጋሌን ስም የሚታወቀው፣ ከሰም፣ ከወይራ ዘይትና ከጽጌረዳ ውሃ የሚዘጋጀው ቀዝቃዛ ክሬም፣ በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ብዙ ሴቶች ፊታቸውን የሚያጸዱበት ነገር ነበር፤ ክሬሙ ተለቅልቆ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ የሚቀረውን ዘይት ለማንሣት አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ ያስፈልግ ነበር። በ1910 በኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ የውበት ሳሎኗን የከፈተችው ኤልዛቤት አርደን፣ ማጽዳት፣ ማጠንከርና መመገብ የሚል ባለ ሦስት ደረጃ ሥርዓት ስታስፋፋ፣ ማጠንከሪያው ፈሳሽ የመካከለኛውን ቦታ ያዘ። በ1968 በኤስቴ ላውደር ኩባንያ ሥር የተመሠረተው፣ ክሊኒክ የተባለው ድርጅትም የቆዳ ሐኪሙን ኖርማን ኦረንትራይክን አማክሮ ሳሙናን፣ የሞተ ቆዳ የሚያነሣ ፈሳሽንና ማለስለሻ ሎሽንን አንድ ላይ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ባለ ሦስት ደረጃው ሥርዓት ከሳሎን ወጥቶ የብዙ ቤት ልማድ ሆነ። በሌላ በኩል ግን ከ1950ዎቹ ወዲህ፣ እንደ ሳሙና የሚያጥቡ ነገር ግን ሳሙና ያልሆኑ፣ ፒኤቻቸው ከገለልተኛው የሚቀራረብ ወይም ከዚያ የሚያንስ ማጠቢያዎች ገበያውን ሞልተውታል፤ እነዚህ በውሃ ተለቅልቀው የሚሄዱ፣ ይህ ነው የሚባል ቅሪት የማይተዉ ናቸው። ስለዚህ ቶነር የተወለደበት ምክንያት ለብዙ ሰው ዛሬ የለም፤ ልማዱ ግን ከምክንያቱ በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

በዚያ ዘመን የተለመደው ቶነር የሚሠራው በሁለት ነገር ነበር፤ በአልኮልና በታኒን። ታኒን ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል የሚገኝ፣ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚያጨማድድ ንጥረ ነገር ነው፤ ወፍራም ሻይ ሲጠጣ ምላስንና ድድን ሸክሸክ የሚያደርገው፣ ቆዳ ፋቂዎችም ጥሬውን ቆዳ በቅርፊት ዘፍዝፈው የሚያለፉበት ይኸው ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ለቁስልና ለእብጠት ይጠቀሙበት የነበረው፣ ዛሬ በብዙ ቶነር ላይ ስሙ የሚገኘው ዊች ሄዝል የተባለው ቁጥቋጦ ቅርፊቱ በታኒን የታወቀ ነው፤ ሆኖም በጠርሙስ የሚሸጠው በእንፋሎት የተጣራው ውሃ ሲሆን፣ ታኒን ደግሞ ከእንፋሎት ጋር ስለማይወጣ፣ በተጣራው ውሃ ውስጥ የሚገኘው ታኒን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በብዛት የሚገኘው እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመርበት፣ 14 በመቶ ያህል የሚሆነው አልኮል ነው፤ ብዙ ጊዜ የማጨማደዱ ሥራ የሚሠራው አልኮሉ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን የሚወስደው ቁጥቋጦው ነው።

አልኮል ፊት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ማቃጠል ራሱን የቻለ ማብራሪያ አለው። ነርቮች ላይ ሙቀትንና ማቃጠልን የሚለይ ተቀባይ አለ፤ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴቪድ ጁሊየስ በ1997 ያገኙትና በ2021 የኖቤል ሽልማት ካጋሯቸው ግኝቶች አንዱ የሆነው ይህ ተቀባይ፣ ሚጥሚጣ ምላስን ሲያቃጥል ምልክቱን ወደ አንጎል የሚልከው እርሱ ነው። አልኮል ይህ ተቀባይ የሚነቃበትን የሙቀት ደረጃ ከሰውነት ሙቀት በታች ስለሚያወርደው፣ የሰውዬው የራሱ ሙቀት እንደ እሳት ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ቶነር ሲያቃጥል እየገደለ ነው፣ እያጸዳ ነው፣ እየሠራ ነው የሚለው አነጋገር፣ ሚጥሚጣ ምላስን ያጸዳል ከማለት አይለይም። ሜንቶልና ካምፎር የሚሰጡት ቅዝቃዜም እንዲሁ የነርቭ ስሜት ነው፤ በስሜቱ ምክንያት የሚዘጋ ቀዳዳ የለም። የቆዳ ቀዳዳ ማለት ጸጉርና የወዝ ዕጢ በጋራ የሚወጡበት አፍ ሲሆን፣ በዙሪያው የሚከፍተውም ሆነ የሚዘጋው ጡንቻ የለውም፤ በእንፋሎት አይከፈትም፣ በበረዶም አይዘጋም። ቀዳዳው ውስጥ የተጠራቀመ ወዝና የሞተ ሕዋስ ሲወጣ አፉ ጠበብ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ አካባቢው ተቆጥቶ በትንሹ ሲያብጥም ለጥቂት ሰዓት የጠፋ ይመስላል፤ የብዙ ማጥበቂያ ቶነር ውጤትም ከዚህ አያልፍም።

ሌላው የተሳሳተ ማስረጃ ጥጡ ነው። በቶነር የራሰ ነጭ ጥጥ ፊት ላይ ሲሳብ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ሻጩም ጥጡን እያሳየ ፊቱ ከታጠበ በኋላ እንኳ ይህን ያህል እድፍ ነበረበት ይላል። ጥጡ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ የሜካፕና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቅሪት፣ ወዝ፣ በራሳቸው ጊዜ ሊረግፉ የተቃረቡ የላይኛው ንብርብር ሕዋሳትና በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ነው። የቆዳ ቀለሙ ጠቆር ያለ ሰው ጥጥ እስኪነጣ ድረስ ልጥረግ ካለ የሚጠርገው ቆዳውን ነው፤ ይህ ነገር በመስተዋት ፊት በየማታው የሚፈጸም በመሆኑና የሚያደርገው ሰውም ለራሱ የሚጠነቀቅ ስለሚመስለው፣ ከሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ የበለጠ ሊነገር የሚገባው ነው።

በሌላ አቅጣጫ የሚነገረው ማጋነንም ሳይታረም መታለፍ የለበትም። ወዝ በአልኮል ሲጠረግ ዕጢው ተቆጥቶ እጥፍ ያመርታል የሚለው አባባል በሰፊው ቢሰማም ጠንካራ ማስረጃ የለውም፤ የወዝን መጠን በዋናነት የሚወስኑት አንድሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች ናቸው፣ በጉርምስና ወቅት ፊት የሚወዛውና ብጉር የሚወጣውም በእነርሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቶነር ወዝን ከፊት ላይ ለሰዓታት ያነሣዋል እንጂ ምንጩን አያደርቀውም፤ አያባብሰውም። የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው፤ ግንቡን ማሳሳቱና ቆዳውን ማስቆጣቱ።

ከዚህ የማድረቅ ልማድ ጎን ለጎን፣ ዕድሜው የሚበልጥ ሌላ የማርጠብ ልማድ አለ። በጃፓን ከማጠቢያ በኋላ የሚደረገው ፈሳሽ ኬሾስዊ ይባላል፤ ትርጉሙም የመዋቢያ ውሃ ማለት ነው። በ1811 ሺኪቴይ ሳንባ የተባለው የኢዶ ከተማ ደራሲ «የኢዶ ውሃ» የሚል ስም የሰጠውን ፈሳሽ በሱቁ ይሸጥ ነበር፤ የፈሳሹ ሥራ ነጩ የፊት ዱቄት በደንብ እንዲይዝ ቆዳን ማርጠብ ነበር። በ1872 በቶኪዮ ጊንዛ በመድኃኒት ቤትነት የተመሠረተው ሺሴይዶም በ1897 ዩደርሚን የተባለውን ቀይ ፈሳሽ አወጣ፤ ስሙ ከግሪክኛ «መልካም ቆዳ» ማለት ሲሆን ምርቱ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይሸጣል። በኮሪያም የዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ በአጭሩ «ስኪን» ይባላል። የጃፓንና የኮሪያ ሴት ይህንን ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በመዳፏ ይዛ ፊቷ ላይ ታሳርፈዋለች፤ የምትፈልገው ነገር መውሰድ ሳይሆን መስጠት ስለሆነ ማሸት አያስፈልጋትም።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ግን በቀይ ባሕር ማዶ ያለው የጽጌረዳ ውሃ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ከፍተኛ ቦታ ላይ በምትገኘው በጣኢፍ፣ በኢራንም በካሻን አጠገብ ባለችው በቀምሰር፣ ጽጌረዳው በጸደይ ወራት ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሽታውን ሳያተንነው ይለቀማል፤ ከዚያም በትልቅ ድስት ከውሃ ጋር ተጥዶ እንፋሎቱ እየቀዘቀዘ ይጠራቀማል፣ ልክ በአገር ቤት አረቄ እንደሚወጣው ማለት ነው። ዘይቱ ላይ ሲንሳፈፍ ለሽቶ ይወሰዳል፤ ሥሩ የሚቀረው ውሃ የጽጌረዳ ውሃ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ ኢትዮጵያውያት ይህን ውሃ በእንግዳ አቀባበልም፣ በጣፋጭ ምግብም፣ በፊት መታጠቢያም ያውቁታል። ውሃው የሚያደርገው ነገር መጠነኛ ነው፤ ቆዳን ያቀዘቅዛል፣ ያረጥባል፣ መልካም ሽታ ይሰጣል፤ ሽታው ራሱ ግን ቶሎ የሚቆጣ ፊት ያለውን ሰው ሊያስቆጣ ይችላል። ኢትዮጵያ ራሷ ጽጌረዳን በብዛት ወደ ውጭ የምትልክ አገር ብትሆንም፣ የአበባ እርሻ ጽጌረዳ የሚመረጠው በብልቃጥ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ እንጂ እንዲሸት አይደለም፤ ፀረ ተባይ መድኃኒትም ይረጭበታል፤ ስለዚህ ከእርሻ የተገኘ ቅጠሉን ቀቅሎ ፊት ላይ ማድረግ የማይገባ ነገር ነው።

የዛሬው አርጣቢ ቶነር ዋና ንጥረ ነገር ግሊሰሪን ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ በ1779 የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር አሙቀው ያገኙት ይህ ጣፋጭና ዝልግልግ ፈሳሽ ውሃን ወደ ራሱ የሚስብ ባሕርይ አለው። በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከከብት ዓይን ውስጥ ያገኙት ሃያሉሮኒክ አሲድም እንዲሁ ውሃ ያዥ ነው፤ ትልቅ ሞለኪውል በመሆኑ ግን በአብዛኛው ከላይ ይቀራል። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች ሥራ ውሃን መያዝ ነውና የሚይዙት ውሃ ያስፈልጋቸዋል፤ አየሩ እርጥብ ሲሆን ከአየር፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ግን ከቆዳው ከራሱ ይስባሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ከፋርማሲ የተገዛ ያልተበረዘ ግሊሰሪን በደረቅ ፊት ላይ የሚቀባ ሰው ፊቱ ወዲያው አብረቅርቆ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሲኮማተር የሚያገኘው ለዚህ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአሜሪካ በማቀዝቀዣና በማሞቂያ አየሩ በደረቀ ክፍል ውስጥ የሚውል ሰውም ያው ይገጥመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በውሃ የተበረዘው ፈሳሽ ፊት ገና ታጥቦ እርጥብ ሳለ ይደረጋል፣ ሳይደርቅም በላዩ ውሃውን የሚዘጋ ክሬም፣ ካልተገኘም ስስ ቫዝሊን ይከተላል። ያለ ክሬም ብቻውን የሚቀር ቶነር ሥራው ግማሽ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ቶነር ቆዳ ላጩ ነው። አሜሪካውያኑ ዩጂን ቫን ስኮትና ሩይ ዩ በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሸንኮራ አገዳ ጋር ስሙ የሚነሣው ግላይኮሊክ አሲድና ከወተት ጋር የሚነሣው ላክቲክ አሲድ የሞቱ ሕዋሳትን የሚያያይዘውን እንደሚያላሉ ካሳዩ ወዲህ፣ እነዚህ አሲዶች ወደ ክሬምና ወደ ቶነር ገብተዋል። ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ በቅባት ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ ወዝ ወደሞላው ቀዳዳ ዘልቆ ይገባል፤ ለብጉር የሚመረጠውም ለዚህ ነው፣ በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውም ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ባለው መጠን ነው። ለግላይኮሊክና ለላክቲክ አሲድ በ1998 የአሜሪካ የመዋቢያ ግብዓት መርማሪዎች ያስቀመጡት ወሰን፣ ለቤት አገልግሎት መጠኑ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ፒኤቹም ከ3.5 እንዳያንስ፣ ተጠቃሚውም ከፀሐይ እንዲጠበቅ ነው። የመጨረሻው ቃል በደጋው ኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ማታ አሲድ የተቀባ ፊት ጠዋት ያለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ከቤት መውጣት የለበትም።

ይህ ሁሉ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ሲሆን ክብደቱ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ቆዳ በተቆጣ ቁጥር፣ ቁጣው በብጉር፣ በአልኮል፣ በአሲድ ወይም በመፈተግ ቢመጣ፣ ቀለም አመንጪዎቹ ሕዋሳት ሜላኒን አብዝተው ያፈስሳሉ፤ ቁጣው በሳምንት ሲበርድ ጥቁሩ ምልክት ግን ለወራት ይቀራል። ለነጭ ቆዳ በተጻፈ መመሪያ ላይ «ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል» ተብሎ የሚታለፈው ነገር፣ ለሐበሻ ፊት የግማሽ ዓመት ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው መንገድ የታወቀ ነው፤ በሚያቃጥል ቶነር የጠቆረ ፊት ይዞ ወደ ሱቅ የተመለሰ ሰው የሚያነጣ ቶነር ይሰጠዋል። በምዕራብ አፍሪካ ገበያ ደግሞ «ቶኒንግ» የሚለው ቃል ራሱ ቆዳን ማንጣት ማለት ሆኗል፤ በዚያ ስም የሚሸጥ ጠርሙስ ከማጽዳትም ከማርጠብም ጋር አይገናኝም።

በማንጫ ምርቶች ውስጥ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው ሃይድሮኪኖን ነው፤ በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ሲሰጥ ማድያትን የሚያቀል መድኃኒት ሲሆን፣ ያለ ልክ ለዓመታት ሲቀባ ግን ቆዳውን ሰማያዊ ጥቁር አድርጎ ያሻክረዋል። ይህ ጉዳት በ1975 በደቡብ አፍሪካ ተመዝግቧል፤ አገሪቱ በ1990 ንጥረ ነገሩን ከመዋቢያዎች አግዳለች፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ከቆዳ ማንጫ አውጥቶታል። ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳ ሲሆን፣ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በአንድ ኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ደንግጓል። ሦስተኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ፊትን በጥቂት ቀን ያነጣል፣ ሲቆይ ቆዳውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳሳዋል፣ ሲቋረጥ ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ብጉር ይወርረዋል፤ ሰውም ይህንን ሲያይ ወደዚያው ምርት ይመለሳል። በኢትዮጵያ የውበት መጠበቂያዎች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚገዙ ሲሆን፣ አዋጁ ግን ስሙ በማርከር ብቻ የተጻፈበትን፣ በሻጩ ቤት የተቀላቀለውን ጠርሙስ በየሱቁ ተከትሎ ሊይዝ አይችልም። የንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለበት ቶነር አይገዛም፤ ይህ ብቻ ቢጠበቅ ብዙ ፊት ይድናል።

በቤት የሚዘጋጀውም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤቹ ወደ 2 የሚጠጋ ነው፤ በተለይ የአረንጓዴው ሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ስላለበት፣ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ውሃ የቋጠረ ቃጠሎና ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ሊያተርፍ ይችላል። የእሬት ቅጠል ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወርደው ቢጫ መራራ ፈሳሽ የሚያሳክክ በመሆኑ፣ እስኪያልቅ ፈስሶ ከታጠበ በኋላ ነው በውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ለፊት የሚውለው። የሩዝ ውሃና የኪያር ጭማቂ ጉዳታቸው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መጠበቂያ ስለሌላቸው በክፍል ሙቀት አድረው ባክቴሪያ ያበቅላሉ፣ ስለዚህ የሚዘጋጁት ለዕለቱ ብቻ መሆን አለበት።

ከሱቅ የሚገዛው ጠርሙስ ጀርባው ላይ እውነቱን ይዟል። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ደንብ ንጥረ ነገሮች የሚጻፉት ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ሲሆን፣ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን በማንኛውም ተራ ሊጻፉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውሃ ነው፤ ሁለተኛው «አልኮል ዲናት» ከሆነ ያ ጠርሙስ አድራቂ ነው፣ ሁለተኛው ግሊሰሪን ከሆነ አርጣቢ ነው። በመጠበቂያነት የሚገባው ፊኖክሲኢታኖል በአውሮፓ ከ1 በመቶ ሊበልጥ ስለማይፈቀድለት ጥሩ የድንበር ምልክት ነው፤ ከእርሱ በኋላ የተዘረዘሩት አበቦች፣ ዕንቁዎችና ቫይታሚኖች፣ በፊት ለፊቱ ሥዕል ላይ የቱንም ያህል ቢደምቁ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያሉት በጠብታ ነው። እንደ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለው በትንሽ መጠንም የሚሠራ ስለሆነ ይህ እርሱን አይነካውም። ክዳኑ የተከፈተ የብልቃጥ ምልክት ላይ 12 እና ኤም የሚል ፊደል ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው 12 ወር ነው።

እንግዲህ ቶነር የግድ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አያስፈልግም ነው። የቆዳ ሐኪሞች መሠረት አድርገው የሚያስቀምጡት ለስላሳ ማጠቢያ፣ ማለስለሻ ክሬምና የፀሐይ መከላከያ ነው፤ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው ከቶነሩ በፊት የፀሐይ መከላከያውን መግዛት አለበት። ቶነር ጥቅም የሚሰጠው ቆዳው የጎደለው ነገር ታውቆ ለዚያ ጉድለት ሲመረጥ ነው፤ ይህንን ለማወቅም መስተዋትና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። ፊት ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ማጠቢያ ይታጠባል፣ በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን ተደርጎ ይደርቃል፣ ምንም ሳይቀባ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በመስኮት ብርሃን ይታያል። ፊቱ ሁሉ ከተኮማተረና አመድ ከመሰለ ግሊሰሪን ያለው አርጣቢ ቶነር ይበጀዋል፣ አልኮል ያለበት ግን ሊቀርበው አይገባም። ወዙ የታየው በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ላይ ብቻ ከሆነ ሳሊሲሊክ አሲዱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማታ ለእነዚያ ቦታዎች ብቻ ይደረጋል፣ ጉንጩ በውሃና በክሬም ብቻ ይቀጥላል። አዲስ ጠርሙስ ከተገዛ መጀመሪያ የሚሞከረው በክርን እጥፋት ውስጥ፣ ለተከታታይ ጥቂት ቀናት ነው፤ እዚያ ካሳከከ ወደ ፊት አይወጣም። ፊቱ ሁሉ ለስለስ ብሎ፣ ሳይኮማተር፣ ስስ ወዝ ይዞ ከተገኘ ደግሞ ያ ፊት ምንም ቶነር አይፈልግም።